አንዴ ብቻ የተጠየቀው ሰው

ነጋ በሰው ቤት በመጀመሪያው ግብዣ እጁን ዘርግቶ አያውቅም። «ብላ እንጂ» ሲሉት «አሁን ነው የበላሁት» ይላል፤ ሆዱ ግን ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ነው። «በሞቴ» ሲሉት ትንሽ ይግደረደራል፤ «አፈር ስሆን» ሲሉት ደግሞ እጁን ሊታጠብ ይነሳል። ይህን ውሸት የሚለው የሰው ቤት ደጅ ያልረገጠ ነው። ጋባዡም ያውቃል፣ ተጋባዡም ያውቃል፤ መሃል ላይ ያለችው እምቢታ ሁለቱ የሚከባበሩባት ናት። ችግሩ ነጋ የሚኖረው ዘ ሄግ ከተማ፣ ሙርዋይክ ሰፈር መሆኑ ነው። የሚሠራውም ስኪዳም፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙ በማይርቅ የፓምፕ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሆላንዶች ደግሞ ሰውን የሚጠይቁት አንዴ ነው።

ሙያው ቶርኒተርነት ነው። ቶርኖ በሚሉት ማሽን ፊት ቆሞ፣ የሚሽከረከረውን ብረት እየቀረጸ ዘንግና ቀለበት የሚያወጣ ሰው ማለት ነው። የተማረው አቃቂ፣ ጢሙ ገና በቅጡ ሳይበቅል ነበር። ስደት ሆላንድ ካደረሰው በኋላ ከመጠለያ መጠለያ ሲዘዋወር ከርሞ ወረቀት አገኘ፤ ቋንቋውን ገና እየተንተባተበ ሳለም የስኪዳሙ ፋብሪካ ቀጠረው። ብረት ቋንቋ አይጠይቅም። አንድ ጡረታ የተቃረበ ሆላንዳዊ ማሽኑን በእጁ እያመለከተ አሳየው፤ ነጋ አንድ ዘንግ ቀርጾ ሰጠው፤ ሰውዬው አገላብጦ አየና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ዓመታት ነጋ ሲያስባቸው ዛሬም ፊቱ ይፈታል። አዳራሹ ውስጥ ቶርኖዎቹ በረድፍ ቆመው ነበር፤ ከየማሽኑ ፊት አንድ ሰው፤ ከየሰውዬው እግር ሥር የተጠቀለለ የብረት ፍቅፋቂ። ቤት ሲገባ ባለቤቱ ተሻለች ፀጉርህ ዘይት ዘይት ይላል እያለች ታማርራለች፤ እሱ ሽታውን ይወደው ነበር።

ያኔ ልጃቸው ሰገነት ትንሽ ናት። በባቡር ሲሄዱ፣ ከራይስዋይክ ወዲያ ሜዳው ሲጀምር፣ በቦዩ ዳር የቆመች አንዲት የጡብ ቤት ያሳያታል። ይህ አገር ከባሕር በታች ነው ይላታል፤ ውሃውን ሌት ተቀን የሚገፋው ፓምፕ ነው፤ እዚያች ቤት ውስጥ ባለው ፓምፕ መሃል የምትዞረውን ዘንግ የቀረጻት ደግሞ አባትሽ ነው። ልጅቷ ትምህርት ቤት ሄዳ አባቴ ባሕሩን ይዞታል ብላ አወራች። አስተማሪዋ በወላጆች ቀን እየሳቀች ስትነግረው ነጋ አፍሮ መሬት መሬት ያይ ጀመር። በልቡ ግን፣ ልጅቷ መች ዋሸች ይል ነበር።

ከዚያ አንድ ዓመት የፋብሪካው ባለቤቶች መሥራቱ እዚህ አያዋጣም አሉ። ዘንጉም፣ ቀለበቱም፣ ፓምፑ ራሱም ቻይና ይሠራ ተባለ። ቶርኖዎቹ በጭነት መኪና ተጭነው ሲወጡ ሠራተኛው በሩ ላይ ቆሞ አያቸው፤ ቀብር የሚሸኙ ይመስሉ ነበር። ከሰዎቹ ብዙዎቹ አብረው ተሸኙ። ነጋ ትጉህ ነው፣ አያስቸግርም ተብሎ ማሸጊያ ክፍል ተመደበ። እዚያ ሥራው ይህ ነው፦ ከሮተርዳም ወደብ ኮንቴይነር ይመጣል፤ ካርቶኑን ይከፍታል፤ ያለቀለትን ፓምፕ ያወጣል፤ የፋብሪካውን ስም የያዘ ስቲከር ይለጥፍበታል፤ መልሶ በሌላ ካርቶን ያሽገዋል። ብረት የሚቀርጽ እጅ ወረቀት ሲለጥፍ ዓመታት አለፉ። ሰንበት ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ሥራ እንዴት ነው ለሚሉት ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። የቀረውን ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው።

ይህን አገር የሚያህል ሀብታም፣ የሚፈልገውን ሁሉ ከሌላ አገር አሠርቶ እያስመጣ፣ እሱ ግን ቢሮ ተቀምጦ እየተነጋገረ መኖር ይችላል ብሎ ማን እንዳሳመነው ነጋ አይገባውም ነበር። ለጊዜው ግን ቻለ። በኋላ ኮሮና መጣ፤ ወደቦች ተዘጉ፤ መርከብ ዘገየ፤ ጦርነት መጣ፤ ነዳጅ ተወደደ። የሚታሸግ ፓምፕ ጠፍቶ የማሸጊያው ክፍል ሰዎች እጃቸውን አጣምረው የተቀመጡበት ወቅት ነበር። አንዲት ትንሽ የጎማ ቀለበት ከሩቅ ምሥራቅ እስክትመጣ አንድ ከተማ ውሃውን የሚያስወጣበት አጥቶ ሲጨነቅ ነጋ በዓይኑ አየ።

ሰገነት አሁን አድጋለች። ዘ ሄግ ውስጥ፣ ስለ ኢንዱስትሪ መንግሥትን የሚያማክር ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፤ አንዳንዴ አምስተርዳም ሄዳ ትልልቅ ሰዎች የአውሮፓ ፋብሪካ ወዴት እየሄደ ነው እያሉ ሲከራከሩ ትሰማለች። ቅዳሜ ሙርዋይክ ስትመጣ ለአባቷ ታወራዋለች። መሥራት ያቆመ አገር ሌላው በሩን ሲዘጋበት ምን እንደሚሆን አሁን ገብቷቸዋል ትለዋለች፤ ፋብሪካው ይመለስ የሚለው ንግግር በዝቷል፤ ነገር ግን ሰው የለም። ወጣቱ በእጁ መሥራት አይፈልግም፣ ብረት የሚያውቀው አርጅቶ ጡረታ ወጥቷል። ነጋ ያዳምጣታል። በበሩ የወጡት የድሮ ባልደረቦቹ ፊት አንድ በአንድ ይታየዋል። የሚያውቀውን ሰው አሰናብቶ ሰው ጠፋ ማለት ምን ይባላል ብሎ ሊጠይቃት ያስብና፣ ልጅቷ ያላሰናበተችውን ምን ያስወቅሳታል ብሎ ይተወዋል።

በዚያው ሰሞን የማሸጊያው ክፍል አለቃ ሳንደር ሠራተኛውን ካንቲን ሰበሰበ። ሳንደር ረጅም፣ ለስላሳ፣ ነጋን ታላቅ ወንድሜ ቢለው የማያስነቅፈው ሰው ነው። ፋብሪካው መሥራት ሊጀምር ነው አለ፤ እዚሁ፣ ስኪዳም። አዲስ አዳራሽ ይታነጻል። ሠራተኛው አጨበጨበ። ከዚያ አብዛኛውን ሥራ ሮቦት እንደሚሠራው ነገራቸው፤ ማሸጉንም ጭምር። ጭብጨባው ቀዘቀዘ። ሳንደር አልሸሸገም።

«ሮቦት እዚህም ቻይናም ደመወዙ አንድ ነው» አለ። «እንዲያ ከሆነ ከደንበኛው አጠገብ ብናቆመው ይሻላል።»

ነጋ በባቡር ሲመለስ ይህችን ነገር ሲያመላልሳት መጣ። ሥራ ርካሽ እጅ ፍለጋ አገር ለአገር ሲዞር ኖረ፤ ከዚህ ቻይና፣ ከቻይና ቬትናም፤ የተሻለች ዘመዶች ሐዋሳ ሸሚዝ ሰፍተውለታል። አሁን ደግሞ እጅ የማያስፈልግበት ቀን መጣና ወደ ቤቱ ሊመለስ ነው። ሥራው ከስደት ተመለሰ፤ ሠራተኛው ግን አብሮ አልተመለሰም። ቢሆንም የሚያስቀው ነገር፣ ነጋ ደስ ብሎት ነበር። ሮቦትም ይሁን ማን፣ ያ አዳራሽ ውስጥ ብረት ሊቆረጥ ነው። ሽታው ሊመለስ ነው። ከሮቦቶቹ አጠገብ የሚቆም ሰው ደግሞ አይጠፋም።

በሳምንቱ ሳንደር ሠራተኛውን በየተራ ወደ ትንሿ ክፍል ያስገባ ጀመር። ከሁሉ አስቀድሞ የጠራው ነጋን ነው። ነገሩን ባጭሩ አስረዳው። ለአዲሱ አዳራሽ ማሽኖቹን የሚያዙ፣ የሚቆጣጠሩና የሚጠግኑ ስድስት ሰዎች ይፈለጋሉ። ኦፕላይዲንግ የሚሉት ሥልጠና አለ፤ ከበጋው ዕረፍት በኋላ ሮተርዳም ይጀምራል፤ ወጪው የፋብሪካው ነው።

«ትፈልጋለህ?» አለው።

የነጋ ደም እስከ ጆሮው ድረስ መጣ። ስቲከር ሲለጥፍ በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ ሌላ የተመኘው ነገር አልነበረም። ግን እንዲህ ተብሎ ይመለሳል? ገና ማዕዱ ሳይቀርብ ዘሎ እንደሚጎርስ ልጅ «አዎ፣ ለእኔ» ይባላል? እሱን የሚያህል ሰው፣ ከኋላው ስንት ጎልማሳ ተሰልፎ? አፉ ራሱ ያደገበትን መለሰ።

«እኔ እንኳ ግድ የለኝም። ወጣቶቹ ይቅደሙ።»

ሳንደር ለአፍታ አየው። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «ገባኝ። በግልጽ ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» አለና እጁን ዘረጋለት።

ነጋ ጨበጠውና ተነሳ። ግን ቶሎ አልሄደም። ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ፤ የጃኬቱን ዚፕ ዘጋ፤ በሩ ጋ ደርሶ እጀታውን ይዞ ቆየ። ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ወግ የሚያውቅ ጋባዥ እስከ በር ተከትሎ እጅጌ ይይዛል፤ ያላንተ ማን አለን፣ ምን ነካህ ይላል። አንድ ጉርሻ ያጣላል የተባለው ለዚህ ነው፤ አንዴ ብቻ የሚደረግ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

«ነጋ» አለው ሳንደር ከኋላው። ነጋ ቀስ ብሎ ዞረ። «ስትወጣ ይበልጣልን ትጠራልኛለህ?»

ይበልጣል ፎርክሊፍት ነጂ ነው። የጎጃም ልጅ፣ በሮተርዳሙ ቤተ ክርስቲያን የተዋወቁት፣ ለፋብሪካው «ይህን ሰው ቅጠሩት፣ እኔ አውቀዋለሁ» ብሎ ያስገባው ራሱ ነጋ ነው። ሚስት አለው፤ ገና ድክ ድክ የምትል ሴት ልጅ አለችው። ገባና ወዲያው ወጣ። ነጋ ምን አሉህ ሲለው ኦፕላይዲንጉን ትፈልጋለህ ወይ አሉኝ አለው። አንተስ ምን አልክ ቢለው «ኽራኽ፣ ደስ እያለኝ አልኳቸዋ» አለ፤ ፊቱ በርቶ ነበር። ነጋ ጎሽ አለው። በልቡ ግን፣ ይህ ልጅ ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው እንዴ የመጣው አለ።

ከዚያ ነጋ ሁለተኛውን ጥያቄ መጠበቅ ጀመረ። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ጊዜ አያልቅም፤ ትልቅ ሰው ያስባል፣ ያማክራል፣ እንደገና ይጠራል። ጠዋት ጠዋት በሳንደር ቢሮ በኩል ዞሮ ይገባ ጀመር፤ መንገዱ ይረዝማል፤ ቢሆንም። ሳንደር በመስታወቱ ውስጥ እጁን ያነሳለታል፤ እሱም ያነሳል። እንዲህ እየተሳሳቁ ሰነበቱ። አንድ አርብ ሳንደር ኬክ ይዞ ካንቲን ገባና ስድስቱን ሰዎች በስማቸው ጠርቶ እንኳን ደስ አላችሁ አላቸው። ይበልጣል አለበት። ነጋ የለም። ኬኩ ሲዞር ለነጋም ቀረበለት፤ እሱም በለመደ አፉ አልፈልግም አለ፤ ሳህኑም አለፈው።

ያን ዕለት ቤቱ እንዴት እንደደረሰ አያስታውስም። ተሻለች ራይስዋይክ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ስትገባ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ ተቀምጦ አገኘችው። ቀስ ብላ አወጣጣችው። ሰምታ ስትጨርስ አልሳቀችበትም፤ የራሷን ነገረችው። መጀመሪያ ሥራ ስትገባ አንዲትን አሮጊት ሾርባውን እንድትጠጣ በሞቴ እያለች ስትለምን አለቃዋ ጠርታት፣ ሴትዮዋ አልፈልግም ብላለች፣ ለምን ታስቸግሪያታለሽ ብላ ተቆጥታት ነበር። ተሻለች ያን ቀን መጸዳጃ ቤት ገብታ አልቅሳለች። አሁን አንዴ ትጠይቃለች፤ አይ ካሉ ትሄዳለች። እንደዚያ ስትሄድ ግን ዛሬም ቅር ይላታል። ነጋ እስከዚያ ቀን ይህን ነግራው አታውቅም ነበር።

ሰገነት በማግስቱ መጥታ ስትሰማ ግን ግራ ገባት። «ማር ፓፓ» አለች፣ ግን እኮ ለማለት፤ «ጠየቁህ፣ አይ አልክ። ምን ያድርጉ?» ነጋ ድጋሚ ይጠይቁኛል ብዬ ነው አላት። እሷም አንድ ሰው አይ ካለ ደግሞ መጠየቅ ሰውዬውን አለማመን ነው አለችው፤ ሳንደር አክብሮህ ነው፤ አሁንም ሂድና እፈልጋለሁ በለው። በአባቷ ላይ የመቆጣት ነገርም ነበረባት። ለነጋ ልጁ ያለችው ነገር አልተዋጠለትም፤ ቢሆንም ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ሰኞ ጠዋት የሳንደርን በር አንኳኳ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው። ነጋ ቆሞ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ እያሻሸ፣ ያንን ሥልጠና እንደሚፈልገው ተናገረ። በሆላንድኛ እፈልጋለሁ ማለት እንዲህ አጭር መሆኑ እስከዚያ ሰዓት አልታወቀውም ነበር። ሳንደር ከወንበሩ ተነሳ። ያዘነው ከልቡ ነው።

«ቀድሜ የጠራሁህ እኮ አንተን ነው» አለው። «ሙያህን አውቃለሁ። አይ ስትለኝ ደክሞታል፣ እረፍቱን ይፈልጋል ብዬ አሰብኩ።»

ቦታው ስድስት ብቻ ነው፤ ሞልቷል። ከስድስቱ አንዱ ከቀረ ነጋ ይገባል፤ ይህን ቃል ሰጠው። ካልቀረስ? ሳንደር አልዋሸውም። አዲሱ አዳራሽ ሲከፈት የማሸጊያው ክፍል ይዘጋል፤ ሰዎቹ ተገቢው ተደርጎላቸው ይሰናበታሉ። በነጋ ዕድሜ ሌላ ፋብሪካ የሚቀጥረው እንደማይገኝ ሁለቱም ያውቁ ስለነበር አንዳቸውም አላነሱትም።

ነጋ ይህን ለተሻለች ነገራት እንጂ ምንም አድርጊ አላላትም። እሷ ግን ከስድስቱ አንዱ ከቀረ የምትለዋን ቃል ይዛ አደረች። በሰንበት፣ ቅዳሴ እንዳለቀ፣ ነጋ ከሰው ጋር ሲጨዋወት፣ እሷ አቶ አበጋዝን ጥግ ይዛ አዋየቻቸው። አቶ አበጋዝ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌ ናቸው። ለሳንደር ሽማግሌ አይላክም። ለይበልጣል ግን ይላካል። እሳቸውም ልጁን ጠርተው፣ ሰው ያቆመውን ሰው አይገፋም፣ ታላቅህ ነው፣ የእንጀራ በር የከፈተልህ ነው አሉት። ይበልጣል አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው።

በዚያው ከሰዓት በኋላ የነጋ ቤት ደወል ተደወለ። ይበልጣል ብቻውን ነበር። ቅዳሜ መጥታ ያደረችው ሰገነት በሩን ከፍታ አስገባችው፤ እናቷ ተቀመጥ፣ ምን ይምጣልህ አለች፤ አይ፣ አሁን ነው የበላሁት አለ፤ ተቀመጠ። ነጋ ከካንቲኑ አርብ ወዲህ ባቡር ላይ ሲያገኘው ሌላ ፉርጎ ይገባ ስለነበር ዓይኑን ማየት ከበደው። ይበልጣልም ወሬ አላበዛም።

«ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ለሳንደር እተወዋለሁ ብዬ እነግረዋለሁ። ቦታው የእርስዎ ነው። እኔ እኮ ያን ቀን እርስዎን ቀድመው እንደጠየቁዎ አላወቅኩም ነበር።»

ተሻለች ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም፤ ነጋ አንዴ አያትና ነገሩ ሁሉ ገባው።

«አቶ አበጋዝ ናቸው የላኩህ?»

ይበልጣል ወደ ተሻለች አየ።

ነጋ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። እሺ ማለት ብቻ ነው የቀረው። ሽማግሌ ገብቶበታል፤ ወጉ ተሟልቷል፤ ማንም አይወቅሰውም። እንዲያውም ባይቀበል ነው ብዙ ሰው የሚገርመው። አዳራሹ ታየው፤ ሲቆረጥ የሚጮኸው ብረት ተሰማው። እሺ የምትለዋ ቃል ጥርሱ ድረስ መጥታ ቆማለች። ደግሞም ፊቱ የተቀመጠው ልጅ ታየው። ፎርክሊፍቱም ያለ ነጂ መሄድ መጀመሩ አይቀርም፤ ሳንደር በፊልም አሳይቷቸዋል። ይህ ሰው ገና ስንት ዓመት ሊሠራ ነው?

«አንተስ ትፈልገዋለህ?» አለው።

«እርስዎ እያሉማ ጋሼ...»

«እሱን አልጠየቅኩህም። ትፈልገዋለህ ወይ?»

ይበልጣል ምንጣፉን አየ። ጆሮው ቀላ። «እፈልገዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ሕይወቴን ሙሉ ሌላው የሠራውን ሳጓጉዝ ነው የኖርኩት። አንድ ነገር ከእጄ ወጥቶ ማየት እፈልጋለሁ። ልጄ አባትሽ ምን ይሠራል ሲሏት የምትለው እንዲኖራት እፈልጋለሁ።»

ሰገነት በሩ ጋ ቆማ ነበር። ነጋ ወደ እሷ አላየም፤ ቢያይ የሚችለው አልመሰለውም።

«እንግዲያው ያዘው» አለ። «እኔም በጣም እፈልገው ነበር፣ ይበልጣል። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ወጣቶቹ ይቅደሙ ያልኩት ከአንጀቴ አልነበረም፤ እንዲለምኑኝ ነበር። አሁን ያዘው የምልህ ግን ከአንጀቴ ነው። ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ።»

ይበልጣል ሊለምነው አፉን ከፍቶ ነበር፤ ዘጋው። ተነስቶ የነጋን ጉልበት ሊስም ሲያጎነብስ ነጋ ትከሻውን ይዞ አቆመውና እስከ አሳንሰሩ ሸኘው። ሳልሞት አንድ ቀን መጥቼ የሠራኸውን ታሳየኛለህ አለው። ሲመለስ ተሻለች ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታለች፤ የምታጥበው ዕቃ ግን አልነበረም። ነጋ ተከትሏት ሊገባ አሰበና ትንሽ ትቆይ ብሎ ተወው፤ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ።

ሰገነት ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ይህች ልጅ አባቷ ምንም የማይፈልግ ሰው ነው ብላ ነው ያደገችው። ለልደትህ ምን ላምጣ ስትለው ምንም ይላት ነበር፤ እሷም ምንም አታመጣም። የትምህርት ቤት ጉዞ ወላጅ አብሮ ይሂድ ሲባል ትመጣለህ ብላ ጠይቃዋለች፤ እናንተ ሂዱ አላት፤ የሌላ ልጅ አባት ሄደ። ዲግሪዋን ስትቀበል መድረኩ ሥር ለወላጅ ቦታ አለ፣ ና ብትለው እዚህ ኋላ ይሻለኛል አለ፤ እሷም እሺ ብላ ሄደች። አንዱንም ደግማ አልጠየቀችውም። አይ ያለን ሰው መነዝነዝ ነውር ነው ተብላ ነው ያደገችው፤ አባቷንም ያከበረችው እየመሰላት ነበር። አሁን እነዚያ እምቢታዎች ሁሉ አንድ በአንድ እየመጡ ፊቷ ቆሙ። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አባዬ» አለችው፣ «ሌላስ ምን ምን ትፈልግ ነበር?»

«ምንም» አላት ነጋ።

ሰገነት ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና ደግማ ጠየቀችው።